ሁለት ባላ ወይስ ሁለት ዛፍ?

አበው ስለ ሁለት ነገር የተዉልን ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። በአንድ ወገን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። በሌላ ወገን ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ሁለቱንም እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ ሁለቱንም እንደ ሁኔታው እየመዘዝኩ ተማሪዎቼን ስመክር ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ግን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ምክር ፈልጋ መጣችና ከሁለቱ የትኛውን እንደምነግራት አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ መልስ ማጣቴ ነው።

ወጣቷ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ታገለግላለች። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ያለው ቀኗ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ማታ እራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ሁለተኛው ሥራዋ ይጀመራል። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ጥለት ትነድፋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ንድፏን ይዛ ሽሮ ሜዳ ትወጣና ከሸማኔዎቹ ጋር ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድሩና ስለ ማጉ ትከራከራለች። ሸማው ተሠርቶ ሲመጣ አንገቱንና ደረቱን በገዛ እጇ ትጠልፈዋለች። የተሰፋውን ቀሚስ በቴሌግራም ታሳያለች፤ ክፍያውን በቴሌብር ትቀበላለች፤ ዕቃውን በሞተረኛ ትልካለች። ሥራዋን አይቼዋለሁ። የወረስነውን ጥለት ብቻ የምትገለብጥ አይደለችም፤ ከዚህ በፊት ያላየሁትን ጥለት ታመጣለች።

«ዶክተር፣ እንግዲህ አልቻልኩም፤ ዐይኔም ጉልበቴም ደከመ። እርስዎ ይምከሩኝ፤ ቢሮውን ልተው ወይስ መርፌውን?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን የሚከብድበት ምክንያት አለ። ተማሪ ሳለች አንድ ቀን በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ከፊቷ አቁማ፣ ከጠረጴዛው ሥር ስትጠልፍ ያዝኳት። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ የመጣሽው ከመርፌ ልትገላገዪ አይደለም እንዴ?» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርሷም አብራ ሳቀችና ጨርቁን ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ያ ጥልፍ የዚያን ወር የታክሲና የፎቶ ኮፒ ወጪዋ እንደ ነበር የነገረችኝ ገና አሁን ነው።

እኔም ብሆን የወጣሁት ከእንዝርት ቤት ነው። እናቴ ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ለገበያ ታወጣ ነበር። የደብተሬና የእርሳሴ ዋጋ ከዚያ ልቃቂት የተመዘዘ ነው። በየከተማው ያለን የተማርን ሰዎች ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ አንዳችንን ጠላ፣ አንዳችንን እንጀራ፣ ሌላችንን ጉልት አስተምሮናል። የእናቶቻችን ስሌት ግልጽ ነበር። እንዝርቱ ልጁን ያስተምራል፤ ልጁ ዲግሪውን ሲይዝ እንዝርቱ ያርፋል። ክፍል ውስጥ ያንን ቃል ስናገር እኔም ይህንኑ ስሌት ነበር የደገምኩት። ዛሬ ግን ዲግሪው ተይዞም መርፌው አላረፈም። እንዲያውም ዲግሪውን የሚያኖረው መርፌው ሆኗል።

ይህ የምሬት ንግግር ብቻ እንዳይመስል ቁጥሩን ላስቀምጥ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው የደመወዝ ማሻሻያ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው በወረቀት ላይ ቀላል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅም ከግብር ነጻ የሆነውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል፤ ይህም በጎ ነው። እንግዲህ በዚሁ አዋጅ እናስላው። ከ2,000 ብር በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እየተቆረጠበት ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ 805 ብር ይሄዳል። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ የአንዲት ስቱዲዮ ኪራይን፣ የጤፍን፣ የዘይትንና የትራንስፖርትን ዋጋ አንባቢዬ ራሱ ይቀንስ፤ የሚቀረውን ለመናገር ዶክትሬት አያስፈልግም።

መርፌዋም ቢሆን ከዚሁ ኑሮ ውጭ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባው የጥልፍ ክርም የስፌት መኪናው መለዋወጫም ዋጋውን ይዞ ወጣ። ሸማኔውም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና የእጁን ዋጋ ጨመረ። እርሷ ግን በደንበኞቿ ላይ የዚያኑ ያህል መጨመር አልቻለችም፤ ደንበኞቿ እንደ እርሷው ደመወዝተኞች ናቸውና።

ነገሩን በኢኮኖሚክስ ዐይን እንየው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሙሉ ሰው ይቀጥራል፤ የሚከፍለው ደመወዝ ግን አንድን ሰው ሙሉውን ወር አያኖርም። ሠራተኛዋ በወሩ መጨረሻም በሕይወት፣ በንጽሕናና በሰዓቷ ቢሮ እንድትገኝ የጎደለውን የሚሞላ ሌላ ከፋይ ያስፈልጋል። ያ ከፋይ መርፌዋ ነው። መንግሥት ነዳጅ ደጎመ፣ ማዳበሪያ ደጎመ ሲባል ሰምተናል። አንዲት ወጣት በሌሊት ጥልፏ መንግሥትን እየደጎመች መሆኗን ግን በየትኛው የበጀት መዝገብ ላይ አሰፈርነው?

«ታዲያ ለምን አትለቅም? ማን አስገደዳት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማትለቀው ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለሆነች አይደለም። ቢሮው ከደመወዙ ሌላ የሚሰጣት ነገር አለ። ጡረታ አለ፤ ስትወልድ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አለ፤ ለዘመድ ዋስ ለመሆን የሚጻፍ ደብዳቤ አለ፤ በእናቷ ሰፈር «የመንግሥት ሠራተኛ» መባል አለ። መርፌው ይህን አይሰጥም። ከዚህም በላይ የሀገር ልብስ ገበያ ወቅት ያውቃል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ሠርግ በማይደገስበት በዐቢይ ጾም ደግሞ ስልኳ ጸጥ ይላል። አንዱ ሥራ ዋስትና አለው፣ ገንዘብ የለውም፤ ሌላው ገንዘብ አለው፣ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ሁለት ባላ የተከለችው በትርፍ ምርጫ አይደለም፤ አንዱ ባላ ብቻውን ስለማይሸከማት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። እኔም ሁለተኛ ሥራ አለኝ። ማታ በኤክስቴንሽን አስተምራለሁ፤ ሲገኝ ለድርጅቶች ጥናት እሠራለሁ። የእኔ ሁለተኛ ሥራ ግን «የማማከር አገልግሎት» ይባላል፤ የእርሷ «ጥልፍ» ነው። እኔ ከሁለተኛው ሥራዬ ስመለስ እራት ቀርቦ ይጠብቀኛል፤ እርሷ ሁለተኛውን ሥራዋን የምትጀምረው እራቱን ካቀረበች በኋላ ነው። በትክክል ከተቆጠረ ሦስተኛ ሥራ አላት ማለት ነው። ይህንንም የሚቆጥር የለም።

ይልቁንም ስናወድሳት እንገኛለን። ባለፈው የሴቶች ቀን መሥሪያ ቤቷ በግቢው ባዛር አዘጋጅቶ ሥራዋን እንድታሳይ አደረገ። «ሞዴል ሴት» ተብላ የምስክር ወረቀት ተቀበለች፤ ፎቶ ተነሣች፤ ኀላፊዎቹም ለየቤታቸው ቀሚስ በቅናሽ ገዙ። በዚያው ወር፣ ለዚያው ባዛር ሌሊቱን ስትጠልፍ አድራ ሁለት ቀን አርፍዳ ስለ ገባች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሁለቱንም ወረቀቶች አሳየችኝ። ማኅተማቸው አንድ ነው፤ ፊርማቸውም አንድ ነው።

በታሪካችን የእጅ ሙያተኛ የተናቀ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ ይዋረድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ስድብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሀገርን እያደኸየ መሆኑን ስላዩ ነው። ዛሬ ስድቡ በአብዛኛው ቀርቷል፤ እሰየው። በስድቡ ቦታ የተተካው ግን ጭብጨባ ብቻ ነው። ስድብም ሆነ ጭብጨባ ክር አይገዛም።

የተማረው ወገናችን በዚህ ጊዜ አንድ ስም መጥራት ይወዳል። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥታ፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥና ከአሮጌ ጎማ በሚሠራ ጫማ ሶልሬብልስን በዓለም አሳውቃለች። ሥራዋ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ገደሉን ዘልላ ስለ ተሻገረች ድልድይ አያስፈልግም ማለት አይቻልም።

ድልድዩ ደግሞ በወረቀት ላይ ተሠርቷል። ሕጎቻችንን ስናገላብጥ የጎደለው ሐሳብ እንዳልሆነ እናያለን። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በመርሕ ደረጃ የስፌት መኪናዋ መያዣ ይሆናል ማለት ነው። ባንክ ቤት ስትሄድ ግን የተጠየቀችው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍን፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የጥበብ ሥራን ይጠብቃሉ። እርሷ ግን አንድ ጥለት አውጥታ ፎቶውን በለጠፈች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሌሎች ሲሸጡት ታገኘዋለች። መርካቶ ብትወርድ ደግሞ ጥበባችንን መስሎ በማተሚያ የታተመ የውጭ ጨርቅ በጣቃ ተደርድሮ ይጠብቃታል። ንግድ ፈቃድ አውጥታ በሕጋዊ መንገድ ለመሥራት ብትፈልግ አድራሻ ትጠየቃለች፤ የተከራየችበት ቤት ባለቤት ደግሞ ለንግድ የሚሆን ውል አልፈርምም ይላታል። በየቢሮው ያለው ሰው «ሕጉ አለ» ይላል። እርሷም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ሕጉማ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ በተወሰነ ቀመር እየታየ የሚስተካከል እንጂ፣ ትዕግሥት ሲያልቅ የሚሰጥ ስጦታ መሆን የለበትም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበት የክፍያ ጥያቄ በቂ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። ቀጥሎም መኖሪያ ቤትን የሥራ ቦታ አድርጎ የሚቀበል፣ በወረዳ ደረጃ በአንድ ቀን የሚያልቅ ቀላል ፈቃድ ይኑር። ሦስተኛ፣ ባንኮች የተንቀሳቃሽ ንብረት ሕጉን ለሀብታሙ የጭነት መኪና ብቻ ሳይሆን ለስፌት መኪናም እንዲያውሉት ይደረግ። ይህ ሁሉ ወጣቷ መርፌዋን እንድትጥል አይደለም። ጥለት መንደፍ የነፍሷ ሥራ ነው፤ ደመወዟ በእጥፍ ቢያድግም እንደማትተወው ነግራኛለች። የምንጠይቀው መርፌውን ስታነሣ ወድዳ እንጂ ተቸግራ እንዳይሆን ነው።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። የዚያን ዕለት ምክር መስጠት ባይሆንልኝ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋት፤ የመምህር ነገር ሆኖብኝ። «አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ እንደምትይዢው ለአንድ ወር የራስሽን መዝገብ ያዢ። ክሩን፣ ሸማኔውን፣ ሞተረኛውን ብቻ ሳይሆን የሌሊት ሰዓትሽንም ጻፊ። ቢሮ የምትውዪበትንም፣ በታክሲ ሰልፍ የምትቆሚበትንም ሰዓት ጻፊ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰዓት ዋጋ አውጪ» አልኳት።

ወሩ ሲሞላ መጣች። መዝገቡ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነበር። ጥልፉ ክርና ሸማኔ ተከፍሎበትም፣ የሰዓቱ ዋጋ ከቢሮው ሰዓት በልጦ ተገኘ። «ዶክተር፣ እስከ ዛሬ የጎን ሥራ የምለው መርፌውን ነበር፤ ለካ የጎን ሥራዬ ቢሮው ኖሯል» አለችኝ፤ ሳቀችም። እኔ ግን አልሳቅሁም።

የትኛውን እንደምትተው እስካሁን አልወሰነችም። ዛሬም ጠዋት 2፡30 ቢሮዋ ትገኛለች፤ ማታም መብራት እስኪጠፋ ትጠልፋለች። እኔም ለጥያቄዋ ሙሉ መልስ አላገኘሁም፤ መልሱ ያለው በእርሷ እጅ ሳይሆን እርሷን በቀጠረው ወገን እጅ እንደሆነ ግን ተረድቻለሁ። አንድ ዕዳ ግን የራሴ ነበርና በዚያው ዕለት ከፈልኩት። በክፍሉ ሁሉ ፊት ስላሳቅሁባት ይቅርታ ጠየቅኋት።

ቸር እንሰንብት።