ርካሹ ሱቅ የቱ ነው?

«ግሮሰሪ» የሚለው ቃል በአገራችን የገጠመው ዕጣ የሚያስቅ ነው። በሌላው ዓለም ስኳር፣ ዱቄት፣ ሻይ ቅጠልና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ቢራ የሚጠጣበት ቤት ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ግሮሰሪዎችን ላወዳድር እሄዳለሁ» ብሎ ከግቢ ቢወጣ፣ መምህራኑ ነገሩን በበጎ እንደማይተረጉሙለት የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው የፊተኛውን ትርጉም ነው፤ ማለትም የምንበላውን፣ የምንጠጣውንና የምንታጠብበትን የምንሸምትበትን ሱቅ። ጠጪዎች ወንድሞቻችን ይቅር ይበሉን።

ይህ ጉዳይ ለጋዜጣ የማይበቃ ተራ ወሬ መስሎ የሚታየው ሆዱ ለሞላ ሰው ብቻ ነው። በቡሹሎ ቤት ተከራይተን በኖን ካፌ የምንኖር ተማሪዎች ግን ሱቅ መምረጥ ማለት የወሩን መጨረሻ መምረጥ ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ጭማሪ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አገራችን የምግብ ዘይቷን አብዛኛውን ከውጭ የምታስመጣ እንደ መሆኗ፣ የዶላር ነገር ከባንክ መስኮት ተነሥቶ ከመጥበሻችን እስኪደርስ ብዙ አይዘገይም። ስለዚህ ወሩ ሃያ ሳይሞላ «ቁርስ አልለመደብኝም» የሚል ጓደኛ በየክፍሉ አለ። ቁርስ አልለመደብኝም ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ደግሞ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን።

እንግዲህ ከየት እንግዛ? በመኝታ ቤት ክርክራችን ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «የሰፈር ባለሱቅ ይበላናል፤ ከተማ ወርዶ መግዛት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ለአንድ ኪሎ ስኳር ከተማ የሚወርድ ሰው ጊዜው ርካሽ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ማለቂያ ስላጣ፣ አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ደብተር ይዘን ወጣን። የሰፈሩን ሱቆች፣ የመንገድ ዳር ጉልቱን፣ የከተማውን ገበያና መሀል ከተማ ያሉትን ሱፐርማርኬቶች ዞረን ተመለከትን። ያየነውን ዋጋ እዚህ አንዘረዝርም፤ ይህ ወረቀት ተባዝቶ ከእጃችሁ እስኪደርስ ዋጋው ይለወጣልና። የማይለወጠውን፣ ማለት አቈጣጠሩን፣ ብናካፍል ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ዋጋ እንናገር። ከተማ መውረድ ይረክሳል የሚለው አባባል እውነትም ሐሰትም ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ ስኳር በሰፈራችን ሱቅ ከከተማው በ10 ብር ይበልጣል እንበል፤ የባጃጅ ደርሶ መልስ ደግሞ 40 ብር ነው እንበል። አንድ ኪሎ ሊገዛ የወረደ ተማሪ 10 ብር አተረፍሁ ብሎ ሲመለስ 30 ብር ከስሯል። አራት ኪሎ ቢገዛ አልከሰረም አላተረፈም። አሥር ኪሎ ቢገዛ ግን የመጓጓዣው ተቀንሶ 60 ብር ያተርፋል። ስለዚህ «የትኛው ሱቅ ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ «ስንት ኪሎ ለሚገዛ ሰው?» ተብሎ መጨመር አለበት።

ከዚህ የሚብሰው የትንንሿ እሽግ ነገር ነው። አንድ ኪሎ የልብስ ሳሙና ዱቄት 200 ብር ቢሆን፣ 30 ግራም የምትይዘው ላስቲክ ደግሞ በ10 ብር ብትሸጥ፣ ሳሙናውን በላስቲክ የሚገዛ ሰው አንዱን ኪሎ 333 ብር ገደማ ገዛው ማለት ነው። ዘይትን በኩባያ፣ ቡናን በሲኒ፣ በርበሬን በማንኪያ የሚገዛም እንዲሁ ነው። ልብ በሉ! 200 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችለው ሰው ያንኑ ሳሙና በርካሽ ይታጠብበታል፤ 10 ብር ብቻ በኪሱ ያለው ግን በውድ ይገዛል። ድኻ የሚከፍለው ዋጋ ከባለጸጋው ይበልጣል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ስለ ገበያ ስንማር ብዙ ግራፍ ሥለናል፤ ይህችን የ10 ብር ላስቲክ ግን በሰሌዳው ላይ አላየናትም። መምህራኖቻችን ቢያክሉልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛው የዕቃ ዓይነት ነው። በዚህ በኩል ሱፐርማርኬቱ ያሸንፋል ብለን ነበር የተነሣነው። በእርግጥ የብስኩቱ፣ የሳሙናውና የጣሳ ምግቡ ዓይነት ብዙ ነው፤ ዋጋውም ተጽፎ በመደርደሪያው ላይ ስለሚታይ የማንንም ፊት ሳናይ አንብበን ለመተው ነጻ ነን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚበላውን ዝርዝር ይዘን ስንገባ ግማሹን አጣነው። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቆጮውና ቡላው የሚገኘው መሬት ላይ አንጥፈው ከሚሸጡት እናቶች ዘንድ ነው። ዓሣ የፈለገ ደግሞ በማለዳ አሞራ ገደል ወርዶ፣ ጀልባዎቹ ያመጡትን ቆሮሶና አምባዛ በዓይኑ አይቶ ይገዛል። በሐይቅ ዳር ተቀምጦ ከውጭ የመጣ የጣሳ ዓሣ መግዛት ምን ይባላል?

ስለ ጉልቱ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እዚያ የሚሸጠው በመደብ ወይም በጣሳ ስለ ሆነ ከኪሎ ጋር ለማወዳደር ያስቸግራል። አንዷ መደብ ከሌላዋ ትበልጣለች፤ የጣሳው ቂጥ አንዳንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ በጉልት ምራቂ አለ። እኛ ሽንኩርት ስንገዛ ሻጪዋ «ተማሪዎች ናችሁ ልጆቼ» ብለው ሁለት ራስ ጨመሩልን። በሱፐርማርኬት ሒሳብ መቀበያ ምራቂ የሰጠን የለም። ምራቂውም በደብተራችን ዋጋ ተደርጎ ገብቷል።

የገበያ ቀን ማወቅም ጥበብ ነው። በሲዳማ አቈጣጠር ሳምንቱ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ የተባሉ አራት ቀኖች አሉት፤ ገበያዎችም በእነዚህ ቀኖች ተራ ይቆማሉ። ከገጠር የሚመጣው እህልና አትክልት በዋናው ገበያ ቀን ይበዛል፤ ሲበዛም ይረክሳል። የአካባቢው ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። እኛ ከሩቅ የመጣነው ግን አራት ዓመት እዚህ ተቀምጠን፣ የትኛው ገበያ መቼ እንደሚቆም ጎረቤታችንን ሳንጠይቅ ተመርቀን እንሄዳለን።

ሦስተኛው አመቺነት ነው። እዚህ ላይ ለሰፈር ባለሱቅ ጠበቃ ሆነን ልንቆም እንወዳለን። ሱፐርማርኬቱ ቆንጆ ነው፤ ግን ስማችንን አያውቅም። የሰፈሩ ባለሱቅ ማታ በሦስት ሰዓት ሻማና ዳቦ ይሸጥልናል፤ ጓደኛችን በሌሊት ሲታመም በር አንኳኩተን ስኳርና ጨው የሰጠን እርሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዱቤ ደብተር አለው። ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ማኅተም የሚያበድረን ማን አለ? ባንክ አያበድረንም። ዘመድ ሩቅ ነው። እንግዲህ ባለሱቁ በኪሎ ላይ የሚጨምራት ብር ሁሏ ስግብግብነት አይደለችም፤ ከፊሏ የመጓጓዣው ዋጋ ናት፣ ከፊሏ የሌሊቱ ዋጋ ናት፣ ከፊሏም ሳይከፍሉ ተመርቀው የሄዱት ወንድሞቻችን ዕዳ ናት። ይህን የመጨረሻውን ስናነብ ያፈርን ካለን እናፍር።

ነገር ግን ጠበቃ መሆን ማለት ጥፋትን መሸፈን አይደለም። በዞርንባቸው አንዳንድ ሱቆች ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ አንድ እንኳ አላገኘንም። በአንደኛው ዘንድ ያው ዘይት ለእኛ አንድ ዋጋ፣ ከኋላችን ለመጣው ሰው ሌላ ዋጋ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክትና ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዝዟል። ሕጉ የተጻፈው ለአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም። ታዲያ «ዋጋውን ለምን አልለጠፍህም?» ብለን ከመካከላችን የጠየቀ አለን? አንድም የለም። የሕግ ተማሪዎች ሳይቀሩ ዋጋውን በጆሮ ሰምተው፣ አጉረምርመው፣ ከፍለው ይወጣሉ።

«መፍትሔው መንግሥት ሱቅ ይክፈት ነው» የሚሉ አሉ። ይህም ተሞክሮ ያየነው ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ነበር፤ ስኳሩ፣ ሳሙናውና ዘይቱ በተወሰነ ዋጋ በራሽን ይሸጥ ነበር። ዋጋው ዝቅ ያለ መሆኑን ወላጆቻችን ይመሰክራሉ፤ ሰልፉንም አብረው ያወሳሉ። ዕቃው ከሌለ የዋጋው ማነስ ምን ይጠቅማል? ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የእሑድ ገበያ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ይመስለናል፤ አምራቹንና ሸማቹን ያለ ደላላ ያገናኛልና። ሆኖም እርሱም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በአንድ ኪሎ ለሚኖር ተማሪም የመጓጓዣው ሒሳብ አይቀርለትም።

እኛ የምናስበው ከዚህ ያነሰና የቀረበ ነገር ነው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ፣ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 ያህል ሠራተኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሲጀምሩ የነበራቸው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ አጃና ሻማ ብቻ ነበር። ደንባቸው ግን ጽኑ ነበር፤ ሚዛኑ ትክክል ይሁን፣ ዕቃው ያልተበረዘ ይሁን፣ ትርፉ እንደ ግዢው መጠን ለአባላቱ ይመለስ የሚል ነው። በዓለም ዛሬ የሚታወቀው የሸማቾች ኅብረት ሥራ አሠራር መሠረቱን ከዚያች ሱቅ ይቈጥራል። እነዚያ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ሀብታሞች አልነበሩም። አብረው መግዛትን ብቻ ነው ያወቁት። የእኛስ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ይህንኑ አይደለም እንዴ የተናገሩት?

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በግቢው በር አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ይቁም። በየቅዳሜው ሁለት ተረኛ ተማሪዎች አሥር ዕቃዎች፣ ማለት ጤፍ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሳሙናና ሻይ ቅጠል፣ በሰፈር፣ በገበያና በሱፐርማርኬት የሚሸጡበትን ዋጋ በኪሎ አስልተው ይጻፉ። ስም ማጥፋት አያስፈልግም፤ ቁጥር ይበቃል። ዋጋው በሰሌዳ ላይ መውጣቱን ያወቀ ነጋዴ በማግስቱ ራሱ ይለጥፋል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ግቢ የምንኖር ተከራዮች የማይበላሸውን ዕቃ በወር አንድ ጊዜ በጋራ እንግዛ። አራት ሰዎች አሥር ኪሎውን ስኳር ቢካፈሉ፣ ቀድሞ ባልነው ምሳሌ እያንዳንዳቸው 15 ብር ያተርፋሉ። በስኳር ብቻ ትንሽ ናት፤ ጤፉ፣ ዘይቱና ሳሙናው ሲጨመርበት ግን የሳምንት ቁርስ ይሆናል። ገንዘቡን የሚይዘው ሰው በየወሩ ይለወጥ፤ ሒሳቡም በበር ላይ ይለጠፍ። ከነጋዴው የምንጠይቀውን ግልጽነት ከራሳችን ካልጀመርን የሚሰማን የለም።

ሦስተኛ፣ ለሰፈር ባለሱቅ ያለብንን ዱቤ ከመመረቃችን በፊት እንክፈል። ዕዳ ጥሎ የሚሄድ ተማሪ የሚዘርፈው ባለሱቁን ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ኪሱ ባዶ ሆኖ ያንኑ በር የሚያንኳኳውን ታናሹን ነው።

ርካሹ ሱቅ የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ የደረስንበት መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለብቻው ለሚገዛ ተማሪ ርካሽ ሱቅ የለም፤ ከተማ ቢወርድ ባጃጁ፣ ሰፈር ቢገዛ ላስቲኳ ትበላዋለች። አብረው ለሚገዙ ግን ገበያውም፣ ሱፐርማርኬቱም፣ ሰፈሩም እያንዳንዱ በየተራው ርካሽ የሚሆንበት ቀንና ዕቃ አለው።

ሰሌዳው ከተገኘ የመጀመሪያው ቅዳሜ ተረኞች እኛ ነን። ጠመኔውን ግን ኅብረቱ ይግዛልን፤ ዋጋውንም ሦስት ሱቅ ዞሮ ያወዳድር።