«ደም ብዛት» እና ሌሎች ገባን የምንላቸው ቃላት

«ሐኪሞቻችን በእንግሊዝኛ እያወሩ በሽተኛውን ግራ አጋቡት» የሚለው ወቀሳ በየጊዜው ይነሳል። እውነትነት አለው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን አማርኛው ነው። «ሃይፐርቴንሽን» ሲባል ያልገባው ሰው ቢያንስ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። «ደም ብዛት» ሲባል ማንም አይጠይቅም። ሁሉም የገባው ይመስለዋል።

እስቲ እንደ በሽተኛ ሆናችሁ ቃሉን ስሙት። ደም በዛ ነው የሚለው። የበዛ ነገር ደግሞ ይቀነሳል። ዋግምት ያስደረገ፣ ቀይ ሥር እርም ያለ፣ ሲነስረው «ተመስገን፣ ወጣልኝ» ያለ ሰው አይቻለሁ። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡሯ የአይረን ክኒን ሲሰጣት «ደሜን ያበዛብኛል» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። በቃሉ ስሌት የደም ብዛት ተቃራኒ ደም ማነስ ነዋ! ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። አንደኛው ደም በሥሮቻችን ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ከልክ ማለፉ ነው፤ ሌላው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ማነሱ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንዴ ሊይዝ ይችላል፤ ኩላሊቱ በጣም የተጎዳ ሰው ላይ እንዲያውም የተለመደ ነው። እስቲ «ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብዎት» በሉትና ፊቱን እዩት።

«የደም ግፊት» የሚል ደህና ቃል እያለን ደም ብዛትን ለምን እንደሙጥኝ አይገባኝም። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሕዝብ ግፊት ምን እንደሆነ ማስረዳት መቼም አይከብድም።

ሳንባ ምች ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፣ የሕፃናት ነገር ነውና። ምችን የማያውቅ የለም። ይመታል፣ ያተኩሳል፣ ከንፈር ላይ ይወጣል፤ መድኃኒቱም ጓሮ ያለው ዳማከሴ ነው። እናት «ልጅሽን ሳንባ ምች ይዞታል» ስትባል ከሁለቱ ቃል የምታውቀውን ይዛ ትሄዳለች። ዳማከሴ አሽታ «እስኪ ይደር» ስትል የሚያልፈው 1 ሌሊት ለሕፃን ረጅም ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ስሙን ነግራችሁ አትለፉ፤ ምልክቱን አሳዩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹ 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ወይም መጥባት ካቃተው ቆጠራም አያስፈልግም፤ ይዞ መሮጥ ነው።

ሌሎችም አሉ። ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን ቲቢ። «ቫይረስ» በኤችአይቪ ዘመቻ ዓመታት የአንድ በሽታ ስም ሆኖ ቀርቷል። ጉንፋን ለያዘው ልጅ «ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም» ስትሏት እናትየው ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ያለውን አትሰማም። «በየ8 ሰዓቱ» ደግሞ ለብዙ ሰው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ማለት ነው። በቀን 3 ጊዜ መዋጥ የነበረበትን 1 ጊዜ ብቻ ይውጣል። «ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከግዕዝ አዲስ ቃል እንፍጠር የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለመጽሐፍ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ካርድ ክፍል ተሰልፈው ውለው ለሚገቡ እናት ግን አዲሱ ቃል ከእንግሊዝኛው አይሻልም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዎ ይሏችኋል። ይሉኝታ አለ፣ ከኋላ ወረፋ አለ፣ ነጭ ጋዎን ያስፈራል። «ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ ሐኪሙ ምን አለኝ ብለው ይነግሯቸዋል?» በሏቸው። ያኔ ትሰማላችሁ። ጊዜ የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ክኒኑን ሳይውጥ ኖሮ ስትሮክ መትቶት በቃሬዛ ለሚመጣው ሰውዬ ግን ጊዜ እንሰጣለን።

«ልቤን» ብሎ ጨጓራውን፣ «ጨጓራዬን» ብሎ ደግሞ ልቡን ስለሚያመው ሰው ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እስከዚያው በየምትሠሩበት አካባቢ በሽተኛ በሌላ ትርጉም የሚረዳቸውን ቃላት ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ወሎና ጎጃም ያላችሁ፣ እናንተ ጋ የማላውቃቸው ብዙ ቃላት እንዳሉ እገምታለሁ።