ተዋናዩስ የማይሣቅበት ለምንድን ነው?

ቲያትራችን በሙሽራውና በአማቱ፣ በሹሙና በአከራዩ ሲስቅና ሲያስቅ የኖረ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሣቅ በየማታው በላቡ የሚያመርተውን ወጣት ተዋናይ የአስቂኝ ተውኔት ባለ ታሪክ አድርጎ ወደ መድረክ ለማውጣት እምብዛም አለመድፈሩ ዘወትር ያስደንቀኛል።

ድፍረቱስ ከጥንት አልጎደለንም። የአማርኛ ተውኔት በኵር የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ በመኳንንት ፊት ቀርቦ፣ በአራዊት አንደበት የሹማምንትን ነውር ስለ ገለጠ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። የሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ»፣ በትምህርትና በልማድ መካከል የሚዋልለውን ጐልማሳ ሳይራሩ፣ ነገር ግን ሳይጠሉ አሳይተውናል። ሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ቼኾቭ ደግሞ የወጣቷን ተዋናይት መከራ የያዘውን «የባሕር ወፍ» ራሱ ኮሜዲ ብሎ ሰይሞታል።

የእኛዎቹ ወጣት ተዋንያን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ይመረቃሉ፤ ተመርቀውም በልደታ ኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል በኅብረት ተከራይተው፣ ቀን በሠርግ መድረክ መሪነትና በማስታወቂያ ድምፅ የዕለት እንጀራቸውን እየፈለጉ፣ ሌሊት ቃለ ተውኔታቸውን ያጠናሉ። ኑሯቸው የቆሎ ተማሪን ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በር የሚከፍትለት ሕዝብ አለው፤ ለተዋናዩ ግን የኦዲሽኑ በር ተከፍቶም እንኳ «እንደውልልሃለን» ከሚል ቃል በቀር የሚወጣ ምጽዋት የለም። (አከራይዋ ሥራቸውን ጠይቀው «ተዋንያን ነን» የሚል መልስ ሲሰሙ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚያስከፍሉበት ትዕይንት፣ ገና ሳይጻፍ ያስቀኛል።)

እንዲህ ያለው ተውኔት በልቅሶ ቢጻፍ ተመልካቹ አዝኖ፣ ከንፈር መጥጦ ይወጣል፤ በሣቅ ቢጻፍ ግን ወጣቶቹ ስለ ራሳቸው ከንቱ ውዳሴ፣ እርስ በርስ ስለሚቀናኑበት ሚናና ስለ ተበደሩት ካፖርት ሳይቀር እውነቱን ለመናገር ነፃነት ያገኛሉ።

በ1948 ዓ.ም. በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ከልደታ በእግር የሚደረስበት ነው። የእርሱም ሆነ የሀገር ፍቅር ቴያትር አስተዳዳሪዎች ከሳምንቱ አንዲቱን ምሽት ለእነዚህ ወጣቶች ይፍቀዱላቸው፤ ተመልካቹም ትኬቱን በገንዘቡ ይግዛ እንጂ በዝምድና አይለምን።