ባሕሩ የተዘጋው አንኮበር ላይ ነበር

የቀይ ባሕር ነገር በተነሣ ቁጥር ቴሌግራሙ በካርታ ይሞላል። አዶሊስ፣ ምጽዋ፣ ዘይላ፣ አሰብ በቀይ ተከበው ይለጠፋሉ። አንዱ «የእኛ ነበር» ይላል፣ ሌላው «መቼ ነበር?» ብሎ ይመልሳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስድቡ ይጀመርና ካርታው ይረሳል። ከደጋው ተነሥቶ እስከዚያ ወደብ የሚሄድ ሰው በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር፣ ማን እንደሚያሳልፈው፣ ማን እንደሚመልሰው የሚጠይቅ ግን የለም። ሁሉም ክርክሩን ከውኃው ዳር ይጀምራል። መጀመር የነበረበት ከአንኮበር ቁልቁለት ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው የአንድ ባልና ሚስትን የጀልባ ጉዞ ይመልከት።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1843 ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከባለቤቱ ከሮዚን ጋር ኤደን ላይ በዐረብ ሰንቡክ ተሳፈረ። በአገራቸው ክረምት ነው፣ በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ። በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ ሸራ ጀልባዎችን ወደ ደቡብ የሚገፋበት ወቅት ነው። የመጀመሪያው ጀልባ ውኃ እያስገባ ሊሰጥም ሲል ወደ ኤደን ተመለሱ። እንደገና ተነሥተው የሶማሌን ጠረፍ ይዘው ወረዱ፣ በጃንዋሪ 1844 መጀመሪያ ሞምባሳን አዩ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን ዛንዚባር ገቡ። ዛሬ ሙሽሮች ለጫጉላ ሽርሽር ገንዘብ ከፍለው የሚሄዱበት ጠረፍ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ግን ለሽርሽር አልወጡም፣ ዛንዚባርንም ፈልገው አልሄዱም። መሄድ የፈለጉት አንኮበር ነበር።

ክራፍ አንኮበርን ያውቃታል። ከ1839 ጀምሮ ሦስት ዓመት ግድም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ኖሯል፣ ከንጉሡ ጋር ዘምቷል፣ ኦሮምኛ ተምሮ ወንጌል መተርጎም ጀምሯል። በማርች 1842 እጮኛውን ሊያገባ ወደ ግብፅ ሲነሣ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የሚባለው ባላባት ይዞ ዘረፈው። የያዘውን ሁሉ አጥቶ ምጽዋ ደረሰ። እስክንድርያ ላይ ሮዚንን አገባና በዚያው ዓመት ማብቂያ ታጁራ ወረዱ። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ፣ አዋሽን አልፎ አልዩ አምባ ገበያ የሚደርሰው የቅፍለት መንገድ የሸዋ የባሕር በር ነበር። ጨውና ጨርቅ ሽቅብ ይወጣበታል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ቁልቁል ይወርድበታል፤ ባሪያም ይወርድበት ነበር፣ ይህን ካርታ ለጣፊዎቹ አይጽፉትም። ክራፍ እዚያ ሲደርስ የሰማው ወሬ አጭር ነው፦ ሸዋ ከእንግዲህ አውሮፓዊ አያስገባም።

ቀሪው ሐዘን ነው። በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ሞከሩ። ሮዚን በሾሆ በረሃ ያለ ቀኗ ወለደች፣ ልጅቱ ወዲያው ሞተች። ስሟን «እንባ» ብለው ነበር፣ በአማርኛ። ከትግራይም ተባረሩ። ያን ጊዜ ነው ክራፍ ወደ ኦሮሞ አገር በሌላ በር፣ በደቡብ በኩል ካለው ጠረፍ፣ ለመግባት አስቦ ያን ሰንቡክ የተሳፈረው። በጁላይ 1844 ሮዚን ሞምባሳ ላይ ሁለተኛ ልጅ ወለደችና በቀናት ውስጥ ሞተች፣ ሕፃኗም ተከተለቻት። መቃብራቸው ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ኒያሊ ላይ ነው። ክራፍ የስዋሂሊን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው፣ በ1849 የኬንያን ተራራ ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሸዋ የመለሰችውን ሰው ሞምባሳ ወሰደችው። (በነገራችን ላይ፣ ሮዚን በሞተች በወሩ፣ በኦገስት 1844፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ምኒልክ።)

እንግዲህ በሩን ማን ዘጋው?

«ፈረንጅ ነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን ያዘች። በ1840 የታጁራው ሱልጣን የሙሻን ደሴቶች ለእንግሊዝ ሸጠ፣ የተከፈለው ዋጋ አሥር ጆንያ ሩዝ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። በ1841 ደግሞ ሻለቃ ሃሪስ መድፍና ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ገባ። ይህን ሁሉ ያየ ንጉሥ ቢሰጋ ሞኝ አይባልም፤ ብልህ ነው። ክራፍም ቢሆን ንጹሕ መንገደኛ አልነበረም። በንጉሡና በእንግሊዞች መካከል ደላላ ሆኖ ሠርቷል፣ የመባረሩ አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ግማሽ ግን የእኛው የራሳችን ነው። ሃሪስና ሣህለ ሥላሴ በኖቬምበር 16 ቀን 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ሃሪስ በመጽሐፉ እንደሚተርከው ውሉ ሦስት አሮጌ ሥርዓቶችን ያስቀር ነበር። አገር ውስጥ የሚሞት የውጭ ሰውን ንብረት ንጉሡ መውረሱ ይቅር፤ ተራው ሰው ውድ ዕቃ እንዳይገዛና እንዳያሳይ የሚከለክለው ደንብ ይቅር፤ ሰው በመንግሥቱ ውስጥና ከመንግሥቱ ውጭ በፈቃዱ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግደው ቅጣት ይቅር። ሦስተኛዋን ደግማችሁ አንብቧት። ሸዋ ውስጥ የገባ እንግዳ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይወጣም፤ የገዛ ሰውም ኬላውን ያለ ፈቃድ አያልፍም ነበር። ይህ እንዲቀር ተፈረመ፣ ማኅተም ተደረገበት። ዓመት ያህል ቆይቶ ክራፍ ከነሙሽራዋ ታጁራ ላይ ቆሞ ቀረ። ውሉ ነበረ፣ ወደቡ ነበረ፣ መንገዱም በካርታ ላይ ነበረ። የጠፋው የሚያልፍበት ሰው ነው።

ወሎም ላይ ያው ነው። አዳራ ቢሌ እንግሊዛዊ አይደለም፣ ፈረንሳዊ አይደለም። በደጃፉ የሚያልፈውን መንገደኛ እንደ ሲሳይ የሚያይ የአገር ባላባት ነው። ከአንኮበር እስከ ምጽዋ እንዲህ ያለ ስንት ባላባት፣ ስንት ኬላ እንደ ነበር የቆጠረ ሰው፣ ባሕሩ በ1885 ኢጣሊያ ምጽዋን ስትይዝ ብቻ እንደ ራቀ አይናገርም። ኢጣሊያ የያዘችው ከደጋው የሚወርደው ሰው ቀድሞ የተቸገረበትን ወደብ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ፤ ጉዳዩ የዛሬ ባይሆን ኖሮ የሁለት መቶ ዓመት ሬሳ መቀስቀስ አያስፈልግም ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ተናገሩ። በታኅሣሥ 22 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው በታኅሣሥ 2017 አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ሰነድ በሰነድ ላይ። በዚሁ ጊዜ በአማራ ክልል ምን ነበር? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ሸዋ መንገድ የሚዘጋበት፣ ተሳፋሪ የሚታገትበት፣ ሹፌር ቤዛ የሚጠየቅበት ወሬ ሳምንት አያልፈውም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሙሽሮች ሚኒባስ ይዘው ወጥተው፣ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ፎቶ ተነሥተው፣ የአፋርን ቆላ ቁልቁል አይተው በዚያው ቀን የሚመለሱበት መንገድ ነው። አሁን የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ስልክ ይደውላል፦ «መንገዱ እንዴት አደረ?»

ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት፣ ቢራ ፋብሪካዎች አሏት። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም በመጠለያዎቿ ዓመታት ቆጥረዋል። የከተማዋ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ወይ በአዲስ አበባ ይዞራል፣ ወይ በጣርማ በር ወርዶ በኮምቦልቻ ያልፋል። ካርታ ላይ ግን ከአንኮበር ኮረብታ ቁልቁል ያለው አዋሽ ሸለቆ ነው፣ የጅቡቲ መኪኖች የሚመላለሱበት። የሣህለ ሥላሴ ነጋዴዎች በበቅሎና በግመል ያገኙትን ቁልቁለት ማለት ነው። ስለ አሰብ ሌሊቱን የሚከራከር የሰሜን ሸዋ ልጅ አልዩ አምባ መቼ ሄዶ እንደሚያውቅ ይጠየቅ።

«ስለዚህ ወደብ አያስፈልግም ልትሉ ነው?» የሚል ይኖራል። ማንም እንዲህ አላለም። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በአንድ የሰው ወደብ ሲያልፍ ያስጨንቃል፤ አሰብ ከ1998ቱ ጦርነት ጀምሮ መዘጋቱም ኪሳራ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው። የማይዋጠው፣ በየጠረጴዛው ስለ ባሕር የሚፈርመው ወገን የራሱ ዜጋ ከወረዳ ወረዳ እንዲያልፍ ማድረግ አለመቻሉን እንደ ሁለተኛ ጉዳይ መቁጠሩ ነው። ታጣቂውም ከዚህ አያመልጥም። ሕዝብ ነጻ ለማውጣት ጫካ ገብቻለሁ የሚል ወገን አውቶቡስ ሲያስቆም፣ የጤፍ ጫኝ ሹፌር ላይ ቀረጥ ሲጥል፣ አዳራ ቢሌ ከሠራው የሚለየው በመሣሪያው ብቻ ነው። ይህን ሲሉት «የመንግሥት ካድሬ» ይላል። መንግሥትን ሲሉት ደግሞ «የጽንፈኛ አፍ» ይላል። መንገደኛው ሁለቱንም አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል መድረስ ያለባት ነፍሰ ጡር ናት። ሮዚን በሾሆ በረሃ ያለ ቀኗ የወለደችው ወደብ ስለሌለ አልነበረም፤ ባሕሩን አልፋ መጥታለች፤ ምጽዋም ከኋላዋ ነበረች።

በሚቀጥለው ጊዜ ባለሥልጣን ስለ ባሕር በር መግለጫ ሲሰጥ፣ ማይክ የያዘው ጋዜጠኛ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ያለው መንገድ በዚያ ሳምንት ስንት ቀን ክፍት እንደ ነበር ይጠይቀው። የታጣቂው ቃል አቀባይ ቀርቦ ሲናገርም ያችኑ ጥያቄ ይድገምለት፤ ከኬላ ኬላ የሚሰበሰበው ገንዘብ የት እንደሚገባ ጨምሮ።