የእርሻ ወሰንና የሰማዩ መለኪያ



ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ሁለት ጎረቤታሞች በአራት ሜትር ወሰን ተጣልተው፣ አንደኛው ልጁ በስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. የለካውን ቍጥር ይዞ ከሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። እኔም ፊዚክስ አስተማሪ በመሆኔ ተጠርቼ ነበርና፣ «መምህር፣ ሳተላይት ይዋሻልን?» ብለው ጠየቁኝ።

አይዋሽም፤ ነገር ግን ስልኩ በገላጣ ሜዳ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሰዓት ምልክት በራዲዮ ሞገድ ይልካሉ፤ መቀበያውም ሞገዱ የፈጀውን ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያወጣል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ነው። ሞገዱም አዮኖስፌር የተባለውን፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን ከፍተኛ አየር ሲያልፍ ይዘገያል። የምድር መግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ይህ አየር ከአውሮፓው ይልቅ በእኛ ላይ ይታወካል፤ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ይህን ለማጥናት ያገለገለ መቀበያ በዚሁ በአሶሳ ተተክሎ፣ መረጃው ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባው ጋር በምሁራን ጽሑፎች ይጠቀሳል። የከተማው ሰው ግን፣ እኔም ጭምር እስከ ቅርብ ጊዜ፣ አላወቅነውም።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ሸለቆ ባጠኑ ጊዜ፣ ጥናቱም በ1956 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ፣ የካርታችን ልኬት መነሻ በኑቢያ ከነበረችው ከአዲንዳን ሆነ። የጂ.ፒ.ኤስ. መነሻ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ያደባለቀ ጸሐፊ ከመቶ ሜትር በላይ ሊሳሳት ይችላል።

የሳተላይቶቹ ልኬት ራሱ በሌላ ይታረማል። ምድር በእኩል ፍጥነት ስለማትዞር፣ በተለያዩ አህጉሮች የተተከሉ የራዲዮ ቴሌስኮፖች እጅግ ሩቅ የሆኑትን ኳዛሮች አብረው እያዳመጡ፣ ሞገዱ የደረሰበትን ጊዜ በአቶሚክ ሰዓት ያስተያያሉ። በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ሐርተቤስትሁክ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ጋናም በኩንቱንሴ የነበረውን 32 ሜትር የስልክ አንቴና ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ በ2009 ዓ.ም. መርቃለች። እኛ በእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር የብርሃን ቴሌስኮፖች አሉን፤ መልካም ነው፤ ሆኖም ለገበሬው ወሰን የሚቀርበው የራዲዮው ሥራ ይመስለኛል።

በየዞኑ በታወቀ ነጥብ ላይ ቋሚ መቀበያ ተተክሎ ስሕተቱን ለቀያሹ ቢያስታውቅ፣ ልኬቱ እስከ ሴንቲ ሜትር ይታረማል። እስከዚያው የመሬት ጉዳይ ሠራተኞችን የምለምነው፣ በልኬት ወረቀት ላይ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሰዓቱንና የልኬቱን መነሻ እንዲጽፉ ነው።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ በገመድ ለክተው የወሰኑን ድንጋይ ተከሉ። በወረቀቱ ላይ ግን ዛሬም ያለው የስልኩ ቍጥር ነው።

አንድ መምህር፤ ከአሶሳ