የተተረጎመ ፈተና ምን ይለካል?

በሥነ ልቦና ትምህርት ትውስታ፣ ግንዛቤ፣ ማሰብና የአእምሮ ብቃት በየራሳቸው ምዕራፍ የሚቀርቡ ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። ከመጽሐፍ ወጥተው በአንድ ሕፃን ላይ ሲተገበሩ ግን አራቱም የሚገለጡት በፈተና አማካይነት ነው፤ ፈተናውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ አገር ነው። በድኅረ ምረቃ ጥናቶች የተለመደው አሠራር መሣሪያውን ወደ አማርኛ መተርጎም፣ ወደ ምንጭ ቋንቋው መልሶ በማስተርጎም ማመሳከርና በሙከራ ጥናት አስተማማኝነቱን ማስላት ነው። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ቃላቱ በትክክል የተተረጎሙለት ፈተና እንኳ የሚለካው ነገር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ከአኗኗር ወደ አኗኗር ሊለወጥ ይችላል።

በመጀመሪያ ትውስታን መመልከት ይጠቅማል። ጆርጅ ሚለር በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ወደ ሰባት የሚጠጋ ነገር እንደሆነ አመለከተ። አላን ባድሌይና ባልደረቦቹ በ1975 ባወጡት ጥናት ደግሞ የቃላቱ ርዝመትም ወሳኝ መሆኑን አሳዩ፤ ሰው መልሶ ሊጠራ የሚችለው በግምት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሊናገረው የሚችለውን ያህል ነው። በ1980 ኤሊስና ሄነሊ ጉዳዩን በዌልስ ፈተሹት። የዌልሽ የቁጥር ስሞች ከእንግሊዝኛዎቹ ይልቅ ለመጥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚናገሩ ተፈታኞችም በዌልሽ ሲጠየቁ ያስታወሱት ተከታታይ ቁጥር በእንግሊዝኛ ካስታወሱት አጠረ። ተፈታኙ ያው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ቋንቋው ሲለወጥ ነጥቡ ተለወጠ።

ይህ ግኝት ለአማርኛ ተናጋሪ ተመራማሪ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት የአማርኛ የቁጥር ስሞች፣ በግጥም ምጣኔ እንደሚደረገው፣ በቀለም ቢቆጠሩ ባለ አንድ ቀለም ሆነው የሚገኙት «አንድ» እና «ሦስት» ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰባቱ ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው። በእንግሊዝኛ ግን ከዘጠኙ ሁለት ቀለም ያለው የሰባት ስም ብቻ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ውጤት ላይ የተመሠረተን መመዘኛ እንዳለ ወስዶ «የዚህ ልጅ ትውስታ ከአማካይ በታች ነው» ማለት፣ የአነጋገርን ርዝመት በአእምሮ ጉድለት ስም መመዝገብ ሊሆን ይችላል።

በግንዛቤም ረገድ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ሥዕል ቋንቋ ስለማያስፈልገው ለሁሉም እኩል ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። ደሬጎቭስኪና ሁለት ባልደረቦቹ በ1972 ያሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩና ሥዕል የማየት ልምድ ባልነበራቸው የሜኢኒት ብሔረሰብ አባላት መካከል የተካሄደ ነበር። ወረቀት ራሱ ለተሳታፊዎቹ እንግዳ ስለነበር የእንስሳቱ ሥዕል በጨርቅ ላይ ቀረበላቸው። አብዛኞቹ እንስሳቱን ለይተዋል፤ ነገር ግን መለየቱ ለአንዳንዶቹ ጊዜና ጥረት ጠይቋል። ጊዜ የሚቆጥር ፈተና ቢሆን ኖሮ ያ ጥረት የሚመዘገበው በጎዶሎ ነጥብ ነበር።

ማሰብና የአእምሮ ብቃት ሲለኩ የሚከተለው ውጤት ከዚህም ይከብዳል። አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያዘጋጀው መለኪያ ዓላማው ልዩ የትምህርት ድጋፍ የሚያሻቸውን ልጆች መለየት ነበር፤ ቢኔም ብቃት ፈጽሞ የማይለወጥ መጠን ነው የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውሟል። ይህን ተቃውሞ የሚያጠናክር ማስረጃ በእስራኤል ከኢትዮጵያ በፈለሱ ልጆች ላይ ታይቷል። ፎየርስታይንና ባልደረቦቹ ልጆቹን የቅርጽ አመክንዮ በሚጠይቅ ፈተና ሲመዝኗቸው የመጀመሪያው ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ በአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ ግን ውጤቱ በግልጽ ከፍ አለ። በዚያ አጭር ጊዜ የልጆቹ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፈተናው ጋር ያላቸው ትውውቅ ነው።

አገር በቀል መመዘኛ ማዘጋጀት ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል፣ የውጭውን መሣሪያ መተውም ከዓለም አቀፍ ጥናቶች ጋር ማነጻጸርን ያሳጣል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። የወጪው ነገር እውነት ነው። ንጽጽሩ ግን ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች የተለኩት በአንድ ነገር ሲሆን ነው። ከፍተኛ የአስተማማኝነት ቁጥር ማግኘትም ይህን አያረጋግጥም፤ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል የሚያጎድል ሚዛንም በራሱ መስፈርት አስተማማኝ ነው።

ስለዚህ ከተመራማሪው የሚጠበቀው ፈተናን መጣል ሳይሆን በአግባቡ መፈተሽ ነው። የቁጥር ትውስታን የሚለካ ጥናት የተፈታኞቹን የአነጋገር ፍጥነትም ይለካ። በሥዕል የሚሠራ ጥናት ነጥብ ከመቁጠሩ በፊት በቂ መለማመጃ ይስጥ፤ ተፈታኞቹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት ጠይቆ ይመዝግብ። የአገር ውስጥ መመዘኛ ከሌለ ያ በጥናቱ ወሰን ክፍል በግልጽ ይጻፍ፤ «ከአማካይ በታች» የሚለው ፍረጃም ይቅር። አማካሪዎችና ገምጋሚዎች እነዚህን ነጥቦች እንደ ትርጉሙ ጥራት ሁሉ አጥብቀው ቢጠይቁ፣ በአንድ ነጥብ ምክንያት ከእኩዮቹ ክፍል ሊወጣ የሚችል ልጅ ፍትሐዊ ምዘና ያገኛል።