ከሰዓቱ ሌላ ምን ይለካ?

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ውስጥ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ሜዳሊያ ካገኙት ሦስት ሴቶች ሁለቱ የጎጃም ልጆች ነበሩ። የደብረ ማርቆስ ተወላጇ መሰለች መልካሙ ብር፣ ውዴ አያሌው ደግሞ ነሐስ አጠለቁ። ወርቁን ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ነጠቀች፤ ከመሰለች የቀደመችው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ውዴም ብትሆን ከአንደኛዋ የራቀችው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነበር። መሰለች ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ዩትሬክት ላይ በ29 ደቂቃ ከ53.80 ሰከንድ ገብታ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በዚያን ጊዜ ከእርሷ የተሻለ ሰዓት የነበራት ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ብቻ ነበረች።

እነዚህ ቁጥሮች የሩጫውን ፍጻሜ ይናገራሉ። አንዲት ታዳጊ ከትናንቱ ልምምድ ምን ተምራ ወደ ዛሬው እንደመጣች፣ ዳገቱ ላይ ስትደክም ምን እንዳሰበችና ምን እንደለወጠች ግን አይናገሩም። ብዙ አሰልጣኞች ደግሞ ከልምምድ በኋላ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «በስንት ገባህ?»

በጎጃም ደጋ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያሳስታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ከፍታው 4,000 ሜትር ያልፋል። በሐምሌ ጭቃ ላይ የተያዘ ሰዓትና በጥር ደረቅ ኮሮኮንች ላይ የተያዘ ሰዓት አይወዳደሩም። በዚያ ላይ ጉልበቱን መጥኖ፣ የመጨረሻውን ዙር አስቀድሞ አስቦ የሮጠ ልጅ በዕለቱ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። ከመነሻው በስሜት የተፈተለከው ደግሞ ለዚያ አንድ ቀን ይቀድመዋል። ሰዓቱን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ሁለተኛውን መርጦ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ለታዳጊውም ለአገሩም ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሌላ የሚለካ ነገር አለ፤ ታዳጊው ልምምዱን ራሱ እንዴት እንደሚመራ። በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ባሪ ዚመርማን፣ ራሱን የሚመራ ተማሪ ሥራውን በሦስት ምዕራፍ ያካሂዳል ይላል፤ አስቀድሞ ያቅዳል፣ በሥራው መካከል ራሱን ይከታተላል፣ ሲጨርስ ያደረገውን መልሶ ይመረምራል። ዚመርማንና አናስታሲያ ኪትሳንታስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 90 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ዳርት መወርወር ተለማመዱ። ከሁሉ የተሻሉት መጀመሪያ በአወራወሩ ላይ አተኩረው፣ እሱን ከለመዱ በኋላ ነጥብ ወደ መቁጠር የተሻገሩት ናቸው። የሠሩትን እየጻፉ የያዙት ደግሞ ካልጻፉት በለጡ። እርሳስና ወረቀት የልምምድ መሣሪያ ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የትዬንካ ቱሪንግና የባልደረቦቿ ጥናት 444 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ራሳቸውን እንዴት እንደሚመሩ የሚጠይቅ መጠይቅ አስሞልቷል። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት ከሌሎቹ የተለዩት በተለይ ያደረጉትን መልሰው በመመርመርና በሚያወጡት ጥረት ነው። ከዚያ ወዲህ የካናዳ ተመራማሪዎች ለስፖርት ልምምድ ብቻ የተዘጋጀ መጠይቅ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ሌላም መንገድ አለ፤ ስፖርተኛውን በልምምዱ መካከል አቁሞ እዚያው መጠየቅ። ኪትሳንታስና ዚመርማን የመረብ ኳስ ተጫዋቾችን ሰርቭ በሚለማመዱበት ሰዓት ምን እንዳቀዱ፣ ሲስቱ ለምን እንደሳቱ ጠየቋቸው። የሠለጠኑት የእጃቸውን አጣጣል ወይም የኳሷን አወራወር ለይተው ሲናገሩ፣ ጀማሪዎቹ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለይተው ማመልከት አቃታቸው።

እንግዲህ እነዚህን መጠይቆች ወደ አማርኛ መልሶ ለደብረ ማርቆስ ሯጮች ማደል ይበቃል? አይበቃም። መጠይቆቹ በአብዛኛው የሚጠይቁት አንድ ሰው ለብቻው ስለሚያቅደውና ስለሚወስነው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሯጭ ደግሞ በቡድን ይሮጣል። ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ አዲስ አበባ ውስጥ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ እየተለማመደ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ያሳያል። እዚህ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ሮጠ ይባላል፤ መለወጥ የሚፈልግ ከጓደኞቹ ጋር ይሮጣል፤ ከፊት ያለውን እግር ይከተላል፤ ተራው ሲደርስ ይመራል። «ልምምዴን ራሴ አቅዳለሁ» ለሚል ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ሯጭ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል። ይህ ግን አያስብም ማለት አይደለም። በማን ኋላ እንደሚሰለፍ፣ መቼ ወደ ፊት እንደሚወጣ፣ ኮንዲሽኑ የወረደ ቀን እንዴት እንደሚቆጥብ በየደቂቃው ይወስናል። ውሳኔው አለ፤ መጠይቁ አልጠየቀውም እንጂ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ይሉኝታ ነው። አሰልጣኙ ቆሞ እያየ «ከልምምድ በኋላ ስህተትህን ትመረምራለህ?» የተባለ የ15 ዓመት ልጅ «አዎ» ነው የሚለው። ሌላ መልስ ነውር ይመስለዋል። ወረቀቱ ለምርጫ እንደሚውል ከጠረጠረ ደግሞ ሁሉም መልስ ከላይ እስከ ታች አንድ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ልኬት በምንም መንገድ ልጅ ለመቀነሻ መዋል የለበትም። ቢቻል የሚጠይቀው ሰው አሰልጣኙ ራሱ ባይሆን ይመረጣል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ለዚህ ቅርብ ናቸው፤ ቋንቋውንም፣ ዳገቱንም፣ ጭቃውንም ያውቃሉ።

ጥያቄዎቹ ከሜዳው ይውጡ። ዛሬ በማን ኋላ ሮጥሽ፣ ለምን እሷን መረጥሽ? ከቡድኑ ከመቅረትህ በፊት ምን ተሰማህ፣ ምንስ ሞከርክ? ባለፈው ዳገት ላይ ያልሆነልሽን በሚቀጥለው እንዴት ትሠሪዋለሽ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሱን በሚቀጥለው ዳገት ላይ በዓይን ማየት ይቻላልና። ያለችውን ካደረገች ልምምዷን እየመራች ነው። ካላደረገች ደግሞ አሰልጣኙ የሚያስተምራት ነገር አገኘ። ልኬቱ ጥቅም የሚኖረው ቃልና ተግባር እንዲህ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ለአንድ ሯጭ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከልምምድ በኋላ ላብ እስኪደርቅ ሦስት መስመር መጻፊያ ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የሚያነብለትና የሚያወራው ሰው ይበቃል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ «እግሬ ከበደኝ» ብላ የጻፈች ልጅ ውጤቷ ከመውረዱ በፊት ድካሟ ይታወቃል፤ ምናልባትም ከጉዳት ትተርፋለች። ደብተሩ የሯጩ ንብረት ይሁን እንጂ የክለብ መዝገብ አይሁን። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ አዲስ አበባ ክለብ ሲገባ አሰልጣኙም፣ ቡድኑም፣ የሚከተለው እግርም ይቀየራል፤ የራሱን ልምምድ ታሪክ የያዘው ደብተር ግን አብሮት ሄዶ ለአዲሱ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይጠቅማል።